ወንድ የማያውቁ ተርቦች

ልደታ የመጀመሪያውን ወንድ ያየችው ጠዋት፣ ስቶክሆልም ዳርቻ ሁስቢ ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት መስኮት ሥር፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ነው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ በማጉያ መነጽር ስትመለከት፣ ከጤፍ ፍሬ ከሚያንሱት ተርቦቿ መካከል አንዱ ጠጉራም አንቴና ይዞ ይንጎራደዳል። የሴቷ አንቴና አጭርና ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ የወንዱ ግን እንደ ላባ ጠጉር ያወጣል። መነጽሩን በፒጃማዋ ጠርጋ ደግማ አየች። ጠጉሩ የትም አልሄደም።

"ወንድ አለ" አለች።

"የት? እዚህ ቤት?" እትዬ ውባለም ከምድጃው ዘወር ብለው የሌሊት ልብሳቸውን ደረት ሰበሰቡ።

"ብልቃጡ ውስጥ።"

"ኤዲያ! አስደነገጥሽኝ እኮ። ታዲያ እንኳን ደስ ያላችሁ በያቸዋ። እስከ መቼ መነኩሲት ሆነው ይኖራሉ?"

ልደታ አልሳቀችም። ሁለተኛውን ብልቃጥ አነሳች። እዚያም አሉ። ሦስተኛውን ለማንሳት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

የተርቦቹ ነገር እንዲህ ነው። እናቲቱ በዱቄት ብል እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል ትወጋለች። የሚፈለፈለው እጭ የብሉን እንቁላል ከውስጥ ሙልጭ አድርጎ ይበላል፣ ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ጊዜው ሲደርስ አዲሷ ተርብ ቀዳዳ በስታ ትወጣለች። ባል የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሠርግ የለ። እናት ሴት ትወልዳለች፣ ያቺም ሴት ትወልዳለች። ይህን የሚያደርገው በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖር ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በእንቁላል ብቻ ስለሆነ፣ ወንድ ለእሱ መውጫ የሌለው ቤት ነው፤ ስለዚህ ወንድ ሊሆን የነበረውን እንቁላል ሁሉ ሴት አድርጎት ያርፋል። ወንድ ታየ ማለት እንግዲህ ባክቴሪያው እየሞተ ነው ማለት ነው። እሱ ከሞተ ደግሞ ወንዶቹ መጡልን ተብሎ እልል አይባልም። የልደታ ተርቦች ወንድ ካዩ ትውልድ ቆጥሮ አይዘለቅም፤ መጋባት ጠፍቶባቸዋል። ወንድ ቢቀርባቸው ጥለውት ይሄዳሉ።

ዘሩ የመጣው ከአንዲት እናት ነው። ልደታ ራሷ ቢሾፍቱ አጠገብ ከሽምብራ ማሳ ላይ፣ ፀሐይ ጀርባዋን እየላጣት፣ ከቅጠል ሥር ነው ያነሳቻት። ማሳው ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። የዶክትሬት ጥናቷ በሙሉ የተገነባው በእነዚህ ተርቦች ላይ ነው። ዘሩ ከጠፋ ጥናት የለም፤ ጥናት ከሌለ ልደታ ስቶክሆልም ውስጥ ምንድን ናት? ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ጠየቀች፣ መልሱንም አልወደደችውም።

ተርቦቹ ላቦራቶሪ መሆን ሲገባቸው ሁስቢ የገቡት በልደታ ኩራት ነው። የሚኖሩበት የሙቀት ሣጥን በክረምቱ መካከል ተበላሸ። የሥራ ባልደረባዋ ጆናታን፣ እዚሁ ስፖንጋ ከሐበሻ ወላጆች ተወልዶ ያደገው፣ አማርኛ ሰምቶ በስዊድንኛ የሚመልሰው ጆናታን፣ "የእኔ ሣጥን ግማሹ ባዶ ነው፣ አስገቢያቸው" ብሏት ነበር። እሱም ተርብ ያረባል፤ የእሱ ተርቦች ግን እንደ ማንኛውም ፍጡር ወንድና ሴት ናቸው።

"ካንተ ጎረምሶች ጋር?" አለችው። "ልጆቼን አንድ ጣሪያ ሥር አላሳድራቸውም። እንኳን ተርቦችህን አንተንም አላምን።"

ጆናታን ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። የጥናቷ አማካሪ ማርጋሬታ፣ አዲስ አበባ ቢሆን ፕሮፌሰር ተብላ ሰው የሚነሳላት፣ እዚህ ግን ማርጋሬታ ብቻ የሆነችው፣ "ለትንሽ ጊዜ ከሆነ ይሁን" አለች። ልደታ ብልቃጦቹን በምሳ ቦርሳዋ ጠቅልላ፣ ካፖርቷ ውስጥ ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በሰማያዊው መስመር ቱነልባና፣ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሕፃን የያዘች መስሏቸው ፈገግ አሉላት። እሷም መልሳ ፈገግ አለች።

ቤት ውስጥ ከማሞቂያው በላይ ያለውን ቁም ሳጥን አስለቅቃ አስገባቻቸው። በመሃል ለኮርስ ዑፕሳላ ስትሄድ ደግሞ አደራውን የሰጠችው ለእትዬ ውባለም ነው። እትዬ የአባቷ እህት ናቸው። አዲስ አበባ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ በኋላ ስዊድን ገብተው ሲደላደሉ "ነይ፣ ከፈለግሽ እዚህም ትምህርት አለ" ያሏት እሳቸው ናቸው። ሄምሸንስት ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሽማግሌ ቤት ወደ ሌላው አሮጊት ቤት እየሮጡ ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ ካልሲ ሲያለብሱ ይውላሉ። ማሩን በመርፌ ጫፍ ነክቶ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ቀጭን መስመር መቀባት ስታሳያቸው፣ "ለጥርስ አልባው ኡሎፍ ገንፎ አጉርሼ፣ ለእነዚህ ማር መቀባት ያቅተኛል?" ብለው ስቀውባት ነበር።

ወንዶቹ የታዩት ከዚያ በኋላ ነው። ልደታ ግን ጥፋተኛ ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። በዚያው ጠዋት ትምህርት ክፍሉ ደረሰች፤ ጊዜው የፊካ፣ የቡና ዕረፍት ነበር፣ ሰው ሁሉ ስኒውን ይዞ ረጅሙን ጠረጴዛ ከቧል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጆናታን ፊት ቆመች።

"ተርቦችህ ብልቃጤ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?"

"ተርቦቼ ከክፍላቸው ወጥተው አያውቁም" አለ በስዊድንኛ።

"ታዲያ ወንዱ ከሰማይ ወረደ? ክዳን መግጠም የማይችል ሰው ሳይንስ ምን አስገባው? እናትህ ቤት ምስር ልቀም!" ይህን በስዊድንኛ ነው ያለችው፣ ሁሉም እንዲሰማው። ምስሩ በስዊድንኛ ብዙም አልተዋጣላትም፣ ስድቡ ግን ደርሷል።

ጆናታን ጆሮው ቀላ። "ሳይቀላቀሉም ወንድ ሊመጣ እንደሚችል ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሙቀት በዝቶባቸው ይሆናል። ወይም መድኃኒት ነክቷቸዋል።"

"ቤቴ ፋርማሲ መሰለህ?"

ስዊድኖች ሰው ሲጣላ ስኒያቸው ውስጥ ይገባሉ፤ ሁሉም ገቡ። ማርጋሬታ ብቻ፣ "ልደታ፣ መጀመሪያ ሙቀቱን ለኪ" አለች ቀስ ብላ።

ለካች። ሙቀቱ ደህና ነው። እንዲያም ሆኖ ማሞቂያውን ቀነሰችው፣ መልሳ ደግሞ ብርድ መታቸው ብላ ጨመረችው። ከዚያም ማድረግ የምትችለውን አደረገች። ወንዶቹን ለቅማ አወጣች፤ የቀሩትን ሴቶች እያንዳንዷን ለብቻዋ በየብልቃጧ ለየች፤ ባክቴሪያው ያልሞተባት አንዲት እናት ከተገኘች ዘሩ ከእሷ ይቀጥላል ብላ። ለየራሳቸው የብል እንቁላል የተጣበቀበት ቁራጭ ካርቶን ሰጠቻቸው። ለደከመች አራስ እንደሚደረገው ማሩንም አበዛችላቸው። ከዚያችው ከትንሿ ጠርሙስ፣ በየጠዋቱ፣ "ብዪ እናቴ፣ ብዪ" እያለች ቀባችላቸው።

ቀጣዩ ትውልድ ሲወጣ የባሰ ሆነ። ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ይሻላል እያለ እንደሚጠብቅ ገበሬ አንዱን ብልቃጥ ከአንዱ እያስተያየች አየች። በሁሉም ወንድ ይርመሰመሳል። ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ አንድም ብልቃጥ ሴት ብቻ አልወጣበትም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ጀርባዋን ለማሞቂያው ሰጥታ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ የመጣላት ግን ማስነጠስ ነው።

እትዬ ውባለም ከሥራ ሲመለሱ እዚያው አገኟት። ቦት ጫማቸውን ሳያወልቁ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"በሞትኩት! ዛሬም ወንድ?"

"ዛሬም ወንድ።"

"እኔ ያለ ወንድ ሃያ ዓመት ኖርኩ፣ እነሱ ለአንድ ሳምንት አቃታቸው?" አሉና የልደታን ፊት አይተው ቀልዱን ዋጡት። "ልደትዬ፣ ጸበል ልርጭላቸው ስልሽ እንቢ አልሽ። እሺ፣ የትምህርት ሰው ነሽ፣ አልፈርድብሽም። መድኃኒቱን ግን ልጨምርላቸው መሰለኝ። ያኔ እኮ ተሽሏቸው ነበር።"

ልደታ ቀና አለች። "የቱን መድኃኒት?"

"ቴትራሳይክሊኑን ነዋ።"

እትዬ ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። ጤና ጣቢያው ቮርድሴንትራል ደውሎ "አልቬዶን ውሰጂና ጠብቂ" መባል የሰለቸው ሐበሻ ሁሉ ያለው ዓይነት ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ እሽግ መድኃኒት ያዋጣበታል። ቢጫና ቀዩ ፍሬ ቴትራሳይክሊን ነው። ልደታ ልጅ ሳለች ጉልበቷ በተላጠ ቁጥር እትዬ ያንን ፍሬ በጥፍራቸው ከፍተው ዱቄቱን ቁስሏ ላይ ይበትኑት ነበር፤ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ጠባሳዋ ዛሬም ጉልበቷ ላይ አለ።

"እትዬ" አለች በጣም ቀስ ብላ። "ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ዑፕሳላ የሄድሽ ጊዜ፣ በማግስቱ ባይ ታች ወድቀዋል፣ እግራቸውን ሰቅለው። አደራ ሰጥታኝ እጄ ላይ ሊያልቁ? አልኩ። አንዷን ፍሬ ከፈትኩና ዱቄቷን ማሩ ላይ ነስንሼ አማሰልኩት። በማግስቱ ብታይ ሲሯሯጡ! አልነገርኩሽም፣ ትቆጪያለሽ ብዬ።"

የወደቁት በእርጅና ነበር። ያ ተርብ ዕድሜው አጭር ነው፤ በማግስቱ የሚሯሯጡት ሌሎች፣ አዲስ የወጡ ናቸው።

"የትኛው ማር ላይ?"

"ጠርሙሱ ላይ ነዋ! ሌላ ማር አለሽ?"

ልደታ ጠርሙሷን ከመስኮቱ ደፍ አነሳቻት። ተጋምሳለች። ግማሹን የጨረሰችው ራሷ ናት። ወልባኪያን ሆን ብሎ መግደል የሚፈልግ ተመራማሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቴትራሳይክሊን በማር። የመጀመሪያ ዓመት ላይ አንብባዋለች፣ ፈተና ላይ መልሳዋለች። ያችን አንዲት እናት ፍለጋ የለየቻቸውን ሁሉ፣ አንድም ሳትስት፣ በየጠዋቱ በገዛ እጇ አበላቻቸው። ይህ ሁሉ ገብቷታል። አፏ ግን የገባትን አልጠበቀም።

"የራስዎ ስላልወለዱ የሰው ዘር ማጥፋት ቀለለዎት!"

ቃሉ ከወጣ በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመ። እትዬ ውባለም ተነሡ፣ ቦት ጫማቸውን አወለቁ፣ በር ላይ አስተካክለው አስቀመጡ፣ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አልወረወሩትም፤ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

በማግስቱ ልደታ ብልቃጦቹን በአዲስ ለወጠች፣ አዲስ ማርም ገዛች። በጣት የሚቆጠሩ ሴቶች ቀርተዋል። ለማርጋሬታ ደውላ ሁሉንም ነገረቻት።

"ሴቶቹን አሁኑኑ አልኮል ውስጥ ክተቻቸው" አለች ማርጋሬታ። "ትንሽም ባክቴሪያ ቀርቷቸው ከሆነ ዲኤንኤው ይተርፍልናል። አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።"

"ከከተትኳቸው ይሞታሉ።"

"ዘሩ ሞቷል፣ ልደታ።"

"አንዷ ሴት ልትወልድ ትችላለች። ማሩ ንጹሕ ነው አሁን።"

"ውሳኔው የአንቺ ነው" አለች ማርጋሬታ። ስዊድን የኖረ ሰው ይህ ቃል "ተሳስተሻል" ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልደታም አውቃለች። ግን ስልኩን ስትዘጋ አልኮሉን አላነሳችም። ከማሳው እስከ ቱነልባናው ያመጣቻቸው ለአንድ ምዕራፍ ብላ አልነበረም።

ችግሩ ሴቶቹ የሚወልዱበት የብል እንቁላል ማለቁ ነው። ትኩስ እንቁላል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጆናታን ክፍሉ ውስጥ ጓንት አድርጎ ዱቄት ሲነፋ አገኘችው።

"ማሩ ነው" አለችው በአማርኛ። "መድኃኒት ገብቶበት ነበር። ከእኔ ቤት።"

ወንፊቱን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አያት፣ አልሳቀም። መሳቁን ትመርጥ ነበር።

"ሁሉም ባሉበት ነው የሰደብሽኝ" አለ በስዊድንኛ።

"አውቃለሁ።"

"እና?"

ፊካ ላይ ቆመች። ስዊድንኛዋ እየተሰባበረ፣ ጆናታን ምንም እንዳላጠፋ፣ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። የእትዬን ስም አላነሳችም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላዋ "እንዲህ ያጋጥማል" አለች። ጆናታን ግን ስትወጣ ኮሪደር ላይ ደርሶባት፣ ትኩስ እንቁላል የተጣበቀበት ካርቶን በእጇ ላይ አኖረ። በአማርኛ፣ እናቱ ስትል እንደሰማው ይመስላል፣ "አይዞሽ" አላት። አነጋገሩ የሕፃን ነበር። ልደታ ደረጃው ላይ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ሴቶቹ ካርቶኑ ላይ ወጡ። ልደታ ሥራ ሳትሄድ ውላ በማጉያው አየቻቸው። እንቁላሉን በአንቴናቸው ከበሮ እንደሚመታ ሰው ቶክ ቶክ ያደርጉታል፣ ይዞሩታል፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ይወጋሉ። በአንዱ ብልቃጥ፣ ምናልባት ብላ፣ ወንድ ጨመረች። ወንዱ ከኋላ ከኋላ ሄደ፣ ክንፉን አርገበገበ። ሴቷ እንደ ጠጠር ቆጥራ አለፈችው። ደግሞ ተከተላት፣ ደግሞ አለፈችው። ልደታ "ተቀበዪው! ምናለበት!" ብላ ስትጮህ ራሷን ሰማች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደቁ። የወጓቸው እንቁላሎች ጠቆሩ። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነበር።

እትዬ ውባለም በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሆኑ። ወጥ ቤት አይገቡም። በየጠዋቱ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ደፍ ላይ ይቆሙና፣ "ሴት አለች?" ይላሉ። "ገና ነው" ትላቸዋለች። ይሄዳሉ። ምግብ ሠርታ ብታስቀምጥላቸው ሳይነኩት ያድራል። ጉንጫቸው ገባ፤ ቀለበታቸው ከጣታቸው ሲንሸራተት አየች። ይቅርታ ልትላቸው ብዙ ጊዜ አሰበች፤ ምላሷ ለስድብ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። አንድ ቀን በተዘጋው በር በኩል ስልክ ሲያወሩ ሰማቻቸው። "ምን ትላለህ፣ አድነው" ይሉት ነበር፣ አልቢ ሰፈር የሚኖረውን፣ በአንድ የንስሐ አባት የሚገናኙትን አድነውን፣ "የልጄን ሥራ ገደልኩባት። በገዛ እጄ። ከእንግዲህ እህል በምን አፌ?"

የልጄን አሉ። ልደታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች።

እንቁላሎቹ የተፈለፈሉት በቅዳሜ ጠዋት ነው። ፀሐይ ነበረች፣ የየካቲት መጨረሻ ነጭ ፀሐይ። ልደታ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አነሳች። ጠጉራም አንቴና፣ ጠጉራም አንቴና፣ ጠጉራም አንቴና። ሁለተኛውንም አነሳች። ሦስተኛውንም። የመጨረሻውን ስታነሳ መነጽሩ በእስትንፋሷ ጉም ለበሰ፤ ጠርጋ እስክታይ ድረስ ያለውን ቅጽበት ሆን ብላ አስረዘመችው። ከዚያ አየች። ደህና የወጡ፣ ክንፋቸው የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሙሽራ የተኳኳሉ ወንዶች ናቸው። አንድም ሴት የለችም። አልኮል ውስጥ የሚገባ እንኳ የለም፤ ባክቴሪያው እነሱ ጋ አልተሻገረም። ያቺ የሽምብራ ማሳ እናት እዚህ፣ በዚህ መስኮት ሥር፣ አለቀች። ማርጋሬታ ልክ ነበረች። ሰኞ ይህን ሄዳ ትነግራታለች።

"ሴት አለች?"

እትዬ ውባለም በሩ ላይ ቆመዋል። ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል። አንድ እጃቸው የበሩን ፍሬም ይዟል፤ ለመደገፍ ነው፣ ልደታ አሁን ነው ያስተዋለችው።

ልደታ ብልቃጡን እንደያዘች ዞረች። "የለችም" የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ጥርሷን ነክቶ ነበር።

"አለች" አለች።

"ምን?"

"አንዲት ሴት ወጥታለች፣ እትዬ።"

እትዬ ውባለም ወጥ ቤቱ ገብተው ወንበሩ ላይ ወደቁ። ከዚያ ቀና ብለው እልልታቸውን ለቀቁት፤ ሁስቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎረቤቱ የማሞቂያውን ቧንቧ እስኪያንኳኳ ድረስ። "ያንኳኳ! ያንኳኳ! ልጄ ልጅ ወልዳለች በሉት!" እያለቀሱ ይስቃሉ። "ይኸው፣ አንዷ ትበቃለች ብለሽኝ አልነበር? ከአንዷ ነው ሁሉም የመጣው አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

ልደታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ማጉያውን በእጃቸው አስያዘቻቸው። እትዬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን አስጠጉ።

"ሁሉም አንድ ናቸው እኮ። የቷ ናት?"

"ያቺ። ጥጉ ላይ ለብቻዋ ያለችው።"

"አየኋት! አየኋት! ስትኮራ ደግሞ። አንቺን እኮ ነው የምትመስለው።" እጃቸውን ሰደው፣ ልደታ ጠዋት ቆርሳ የተወችውን ዳቦ ከሳህኑ አነሡና፣ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳይነቅሉ ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ። ሌላ ቆረሱ።

ጥጉ ላይ የነበረው ወንድ ተነሥቶ ግድግዳውን ወጣ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ።

"ውይ፣ ጠፋችኝ" አሉ እትዬ አፋቸው ሙሉ ሆኖ። "አሁንስ የቷ ናት?"

ልደታ ጣቷን አነሣች።

"ይቺ" አለች።